የአረጋውያን ሳንባ «ደህና ነው» የሚባለው ከማን ጋር ተነጻጽሮ ነው?



ስልሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት ጄሪካን ተሸክመው ጥቂት ሲራመዱ ቢያለከልኩ፣ ሰው ሁሉ ቶሎ ብሎ «እርጅና ነው» ይላል። ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ደግሞ ለአርባ ዓመት ከምድጃው ሥር የሳቡት ጭስ ሳንባቸውን ጎድቶት ቢሆንስ? ሁለቱን ለመለየት የአንድ የስልሳ ዓመት ጤነኛ ሰው ሳንባ ምን ያህል መሥራት እንዳለበት ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር ከየት ይመጣል? በዚህ እትም የምናየው ይህንኑ ነው።

ልኬቱ እንዴት ነው?

ትንፋሽ የሚለካው መሣሪያ ስፓይሮሜትር ይባላል። ተመርማሪው የቻለውን ያህል አየር ስቦ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ መሣሪያው ይተነፍሳል። የሚመዘገበው በጠቅላላ የወጣው አየርና በመጀመሪያው ሴኮንድ ብቻ የወጣው ነው። ከ4 ሊትር ውስጥ 3.2 ሊትሩ በመጀመሪያው ሴኮንድ ከወጣ፣ ሲካፈል 0.80 ይሆናል። ይህ ቁጥር በጣም ካነሰ የአየር ቧንቧዎች ጠበዋል ማለት ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሃችንሰን እ.ኤ.አ. በ1846 ባሳተመው ሥራ ከ2,000 በላይ ሰዎችን ለክቶ፣ የአየሩ መጠን በቁመት እንደሚጨምርና በእድሜ እንደሚቀንስ አሳየ። ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ ጤናማ ቁጥር የለም። ሰው የሚነጻጸረው በእድሜ፣ በቁመትና በጾታ ከሚመስሉት ጤነኞች ጋር ነው።

እድሜ ምን ያደርጋል?

ሳንባ ከፍተኛ አቅሙ ላይ የሚደርሰው ከ20 እስከ 25 ዓመት አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ በማያጨስ ጤነኛ ሰው እንኳ በመጀመሪያው ሴኮንድ የሚወጣው አየር በአማካይ በየዓመቱ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይቀንሳል። የሂሳብ መምህራን ለክፍል ይጠቀሙበት፦ በ25 ዓመቱ 4 ሊትር ያወጣ የነበረ ሰው በ65 ዓመቱ ስንት ይጠበቅበታል? ከ2.8 እስከ 3 ሊትር፣ አይደል?

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በብዙ ቦታ የአየር ቧንቧ መጥበብ የሚባለው ከ0.70 በታች ሲሆን ነው። ለማስታወስ ይቀላል። ነገር ግን ያ ቁጥርም በእድሜ ስለሚወርድ አንዳንድ ጤነኛ አዛውንት ከ0.70 በታች ያመጡና ሳይታመሙ መድኃኒት ይታዘዝላቸዋል። የታመመ ወጣት ደግሞ 0.72 አምጥቶ «ደህና ነህ» ሊባል ይችላል። ስለዚህ ሌላ ወሰን አለ፦ መቶ ጤነኛ እኩዮች ቢሰለፉ ዝቅተኛዎቹ አምስቱ ያሉበት መስመር።

እኩዮቹ እነማን ናቸው?

እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን ከ26 አገሮች ከ74,000 በላይ ጤነኛ የማያጨሱ ሰዎችን ልኬት ሰብስቦ ከ3 እስከ 95 ዓመት የሚያገለግል ስሌት አወጣ። ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም ለጥቁሮች የወጣው ስሌት የተመሠረተው በአሜሪካ ጥቁሮች ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ይኸው ቡድን ዘር የማይለይ ስሌት አወጣ።

በኢትዮጵያም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመ ጥናት የደባርቅን (3,000 ሜትር ገደማ) እና የአዲ አርቃይን (1,500 ሜትር ገደማ) ነዋሪዎች አነጻጽሯል። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ ቶራክስ የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የማያጨሱ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ወንዶችና ሴቶችን ልኬት አውጥቷል።

«ጤነኛ» ሰው ለመምረጥ ግን «ሲጋራ ታጨሳለህ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል የምታበስል እናት ሲጋራ ሳትነካ ጭስ ስትስብ ትኖራለች። የተለኩት እናቶች ሁሉ ጭስ የጎዳቸው ከሆኑ ጉዳቱ ራሱ «ጤናማ» ተብሎ ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል። የአየር ነገር ቀላል እንዳልሆነ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 እዚሁ ናይሮቢ፣ ጊጊሪ የተሰበሰበው የመጀመሪያው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ ስለ አየር ጥራት ባሳለፈው ውሳኔ አሳይቷል።

እኛ ምን እናድርግ?

በስደተኞች ዘንድ የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተመዘገበ አረጋውያን ብዙ ናቸው፤ እድሜያቸው በግምት ነው የተጻፈው። ግምቱ በአሥር ዓመት ከተሳሳተ የሚጠበቀው ትንፋሽ ከ250 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ይሳሳታል። ጤነኛውን በሽተኛ፣ በሽተኛውን ጤነኛ ለማድረግ ይህ ይበቃል።

ስለዚህ ተማሪዎች፣ አያቶቻችሁን ወደ ክሊኒክ ከመውሰዳችሁ በፊት ጠይቋቸው፦ «አብዮቱ ሲፈነዳ ስንት ዓመትዎ ነበር?»፣ «በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ልጅ ወልደው ነበር?» መልሱን ጽፋችሁ ለጤና ባለሙያው ስጡ። ወገባቸው ጎብጦ ቀጥ ብለው መቆም ካልቻሉ፣ እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት በቁመት ፋንታ እንደሚያገለግል አስታውሱ። ስንት ዓመት በምን ዓይነት እሳት እንዳበሰሉም መንገር አትርሱ።