ሦስት መዝገቦች፣ አንድ ካርታ

የተቀናጀ የሕፃናት መረጃ ስለ አንድ ልጅ በልደት መዝገብ፣ በጤና ኬላና በትምህርት ቤት ለየብቻ የተጻፈውን አገናኝቶ የሚያነብ፣ ከዚያም የልጁን ጎጥ በካርታ ላይ የሚያሰፍር አሠራር ነው። የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ አገልግሎት ያልደረሰው ለየትኛው ልጅ ነው፤ የትስ ይኖራል? በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ወረዳዎች፣ በቦረና፣ በወግዲ፣ በከለላና በሳይንት፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ማግኘት ቀላል አይደለም። የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ሰላም 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም አገሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ብርድ የሚያሰጋው የደጋ ልጅና ወባ የሚያሰጋው የቆላ ልጅ በአንድ ሪፖርት ውስጥ ይደመራሉ።

በ2008 ዓ.ም የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው መቀንጨር እንደደረሰባቸው አሳይቷል፤ በ2011 ዓ.ም በተደረገው አነስተኛ ጥናት ይኸው ቁጥር 41 በመቶ ነበር። የጥናቶቹ ናሙና ለክልል እንጂ ለወረዳ የተመጠነ አይደለም። አማካዩ ለዕቅድ ይጠቅማል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነገ ወደ የትኛው ጎጥ መውረድ እንዳለባት ግን አይነግራትም።

እርሷ ዘንድ የሚገኘው መረጃ ለልጁ ይበልጥ ይቀርባል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም ሲጀመር ለ5,000 ሰው ገደማ አንድ ጤና ኬላ፣ ለአንድ ኬላ ሁለት ሠራተኞች ታስበው ነበር። ኋላ በየኬላው ለእያንዳንዱ አባወራና እማወራ የቤተሰብ ማህደር ተከፈተ። በማህደሩ የቤቱ ሰዎች፣ የመጸዳጃ ቤቱና የውኃው ሁኔታ ይሰፍራሉ፤ የእናቲቱና የልጁ ካርዶች ደግሞ ቀጠሯቸው በሚውልበት ወር ሣጥን ይቀመጣሉ። ወሩ አልቆ በሣጥኑ የቀረ ካርድ የቀረ ልጅን ያመለክታል። በዘጠነኛው ወር የኩፍኝ ክትባት ያልወሰደችው ሕፃን የምትገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ ብዙ ዘመናዊ ሥርዓት ይህን ቀላል ብልሃት አይተካከለውም። አሁን ማህደሩን ወደ ታብሌት የሚያሸጋግረው ኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ኔትወርክ በሌለበትም ይመዘግባል፤ መስመር ሲገኝ ይልካል። የጤና ተቋማት ወርኃዊ ድምር ደግሞ ዲኤችአይኤስ 2 በተባለው ሥርዓት ወደ ወረዳ፣ ዞንና ክልል ይወጣል።

ሁለተኛው መዝገብ ልደት የሚመዘገብበት የወሳኝ ኩነት መዝገብ ነው። በአዋጅ 760/2004 መሠረት በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም ነው። በዚያው ዓመት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ልደታቸው የተመዘገበላቸው ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሦስተኛው፣ የትምህርት ቤቶች ዓመታዊ መረጃ፣ የኦ ክፍልንና የሌሎች ቅድመ አንደኛ ክፍሎችን ተማሪዎች ይቆጥራል፤ ነገር ግን የሚቆጥረው ደጁን የረገጡትን ነው።

ሦስቱን ማገናኘት ከሚመስለው በላይ ያስቸግራል። የጤናው የሪፖርት ወር ከ21 እስከ 20 ይቆጠራል፤ የትምህርት ዘመኑ በመስከረም ይጀምራል፤ የበጀት ዓመቱ በሐምሌ 1 ይገባል። አንድ ልጅ በቤት በአንድ ስም፣ በመዝገብ በሌላ ስም ይጠራል፤ ብዙ ልጆች የአባት ስማቸውም አንድ ነው። ስለዚህ መዛግብቱን የሚያስተሳስረው የልጁ ስም ብቻውን ሳይሆን የእናቱ ስም፣ የትውልድ ቀኑና ጎጡ በአንድነት ናቸው። ሁሉንም የሚያጸናው አንድ የማይለወጥ የመለያ ቁጥር ነው፤ እሱም ገና በልደት ጊዜ ቢሰጥ ይመረጣል።

ካርታው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የጤና ኬላዎች፣ የትምህርት ቤቶችና የጎጦች ቦታ በጂፒኤስ ከተያዘ በኋላ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በእግር ጉዞ ሰዓት መለካት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት አክሰስሞድ የተባለ ፕሮግራም የመሬቱን ተዳፋት፣ መንገዱንና ወንዙን አስገብቶ ይህን ያሰላል። ገደል ለገደል የሚተያዩ ሁለት መንደሮች በቀጥታ መስመር ቢቀራረቡም፣ ልጅ ያዘለች እናት ከአንዱ ወደ ሌላው ወርዳ እስክትወጣ ግማሽ ቀን ሊፈጅባት ይችላል። ወንዙ በክረምት ሲሞላ ያው መንገድ ይዘጋል። እንግዲህ ለዚህ አገር አንድ ካርታ አይበቃም፤ የበጋና የክረምት ለየብቻ መሥራት ያስፈልጋል። የክረምቱ ካርታ ክትባት ወደ መንደር መውሰድ ያለበት የትና መቼ እንደሆነ ያሳያል።

ካርታውን በእጅጉ የሚያዛባው የልጆቹን ብዛት አለማወቅ ነው። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ በ1999 ዓ.ም የተካሄደ ሲሆን የክትባት ሽፋን የሚሰላው ከዚያ በተተነበየ ቁጥር ነው። ትንበያው ሲያንስ ሽፋኑ ከመቶ በመቶ ያልፋል፤ ያልተከተቡትም ከወረቀቱ ላይ ይጠፋሉ። የቤተሰብ ማህደሩ ቤት ለቤት የተሞላ በመሆኑ፣ በየጊዜው ከታደሰ ይህን ስህተት ያርማል።

በሌላው ዓለም አውስትራሊያ ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ በየሦስት ዓመቱ የትምህርት ጀማሪዎችን ጤና፣ ቋንቋ፣ ማኅበራዊ ባሕርይና ሌላውንም ዕድገት በመምህራን አስሞልታ ውጤቱን በየሠፈሩ በካርታ ታወጣለች። በኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ለማስቀረት ጤናን፣ ግብርናን፣ ውኃንና ትምህርትን በአንድ ዕቅድ አሰልፏል፤ ሥራው መጀመሪያ የተሞከረውም በተከዜ ተፋሰስ ነው።

የልጅ መረጃ የቤተሰብ ምስጢር ጭምር ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ለዚህ ሕጋዊ መሠረት ይሰጣል። በአሠራር ረገድ ስምና ካርድ የልጁ ጤና ኬላ ዘንድ መቅረት፣ ወረዳው የየጎጡን ድምር ማየት፣ ዞኑም የቀበሌውን ብቻ መመልከት ይገባዋል። በጥቂት ቤቶች ጎጥ አንድ የተጎሳቆለ ልጅ በካርታ ነጥብ ቢታይ ስሙ ባይጻፍም ጎረቤት ያውቀዋልና፣ እንዲህ ያሉ ጎጦች ከአጎራባቻቸው ጋር ተደምረው መታየት አለባቸው።