ተራራ ያልወሰናቸው ቋንቋዎች

በዓለም ከሚነገሩት 7,000 ያህል ቋንቋዎች ከ800 በላይ የሚሆኑት የአንዲት አገር ናቸው፤ ከአውስትራሊያ በስተሰሜን የምትገኘው የፓፑዋ ኒው ጊኒ። የቆዳ ስፋቷ የኢትዮጵያን ግማሽ አይሞላም። ለዚህ ብዛት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት መልክዓ ምድሩ ነው፤ ገደሉ፣ ደኑና ረግረጉ ሕዝቡን ስለለያየው እያንዳንዱ መንደር የየራሱን ቋንቋ ይዞ ቀረ ይባላል። ተራርቆ የኖረ ሕዝብ አነጋገሩ መለያየቱ አይቀርምና ነገሩ እውነትነት አለው። የቋንቋዎቹን ስርጭት ላስተዋለ ግን መልሱ አይበቃም። ከ200,000 በላይ ተናጋሪዎች ያሉት እንጋ የሚነገረው በተራራማው ደጋ ነው። ሰው በታንኳ በሚመላለስበት በቆላው በሴፒክ ወንዝ ተፋሰስ ደግሞ ጥቂት መቶ ሰዎች ብቻ የሚናገሯቸው ቋንቋዎች ሞልተዋል። ጎረቤታሞቹ ይገበያዩ፣ ይጋቡ፣ ይዋጉም ነበር፤ የሌላውን ቋንቋ ማወቅም የተለመደ ነበር።

እንግዲህ ሳይገናኙ ቀርተው ሳይሆን እየተገናኙ ነው የተለያዩት። ቋንቋ የማንነት መለያ ስለሆነ ልዩነቱን ሆን ብለው ጠብቀውታል፣ አንዳንዴም አስፍተውታል ባይ ነኝ። ለምሳሌ በዚያችው አገር በቡገንቪል ደሴት የሚነገረው የቡይን ቋንቋ ስሞቹን ተባዕታይና አንስታይ ብሎ ይከፍላል። ኡይሳይ በተባለው ዘዬ ግን ጾታው በሙሉ ተገልብጧል፤ ሌሎቹ ዘንድ ተባዕታይ የሆነው እዚህ አንስታይ፣ አንስታዩም ተባዕታይ ነው። ቋንቋ በዘመን ብዛት ቀስ እያለ ሲለወጥ እንዲህ ያለ ሙሉ ግልባጭ ይመጣል ብሎ ማመን ይከብዳል። የቋንቋ ሊቁ ዶን ሌይኮክም የአካባቢው ብዝኃነት በከፊል የሰዎቹ ምርጫ መሆኑን ተከራክሯል።

ይህን ሁሉ ቋንቋ ይዞ አገር መሆን አይቻልም የሚል ይኖራል። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ግን እ.ኤ.አ. በ1975 ነጻ ከወጣች ጀምሮ ቶክ ፒሲን የተባለውን የጋራ መግባቢያ በፓርላማዋ ሳይቀር እየተጠቀመች ኖራለች። አንድ ሰው ለቤቱ አንድ፣ ለገበያው ሌላ ቋንቋ መያዙ ለዚያ ሕዝብ ብርቅ አይደለም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ምርጫ ከሆነ ዛሬ ለምን ይጠፋሉ? አንትሮፖሎጂስቱ ዶን ኩሊክ በረግረግ የተከበበችውን የጋፑን መንደር ከ1980ዎቹ ጀምሮ አጥንቷል። ያኔ ታያፕ የተባለውን የመንደሯን ቋንቋ የሚናገሩት 90 ያህል ነበሩ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በግማሽ ቀንሰዋል። ጋፑን ከከተማ የራቀች፣ መንገድ ያልገባባት መንደር ናት፤ መራቅ ቋንቋን የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ ታያፕ በዳነ ነበር። ያዳከመውም፣ ሆን ተብሎ ባይሆንም፣ ምርጫ ነው። ቶክ ፒሲን ከክርስትና፣ ከዕውቀትና ከአዲሱ ኑሮ ጋር ተያይዞ ስለታያቸው ወላጆች ሳያስተውሉት ልጆቻቸውን በእሱ ማነጋገር ጀመሩ።