በውሃ ውስጥ መውለድ፤ ከአርኪሜዲስ ሕግ እስከ ሐረር ጀሪካን

በምጥ ላይ ያለች እናት በሞቀ ውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ሆና ምጧን ብታሳልፍ፣ ከፈለገችም እዚያው ብትወልድ ምን ትጠቀማለች? ምንስ ያሰጋታል? ጥያቄው ለብዙዎቻችን እንግዳ ይምሰል እንጂ በሕክምናው ዓለም የቆየ ነው። ምጥ የጸናባት አንዲት ፈረንሳዊት በሞቀ ውሃ ውስጥ ሳለች መውለዷ እ.ኤ.አ. በ1805 በሕክምና መጽሔት ታትሟል። በ1970ዎቹ ደግሞ ሚሼል ኦዳን የተባለው ሐኪም በፒቲቪዬ ከተማ ሆስፒታል ለምጥ የሚያገለግል ገንዳ አዘጋጅቶ፣ ልምዱን በ1983 «ላንሴት» በተሰኘው መጽሔት አስነብቧል። ዛሬ በእንግሊዝ አገር በአዋላጅ ነርሶች በሚመሩ የማዋለጃ ክፍሎች ገንዳው የተለመደ ዕቃ ሆኗል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የፊዚክስ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለም። ስለዚህ ጉዳዩን የምንመለከተው ከሁለት አቅጣጫ ነው። አንደኛ፣ ውሃው ለእናቲቱ ምን ያደርግላታል? ሁለተኛ፣ ያንን ውሃ እንደ ሐረር ባለች ከተማ ለማቅረብ ምን ይጠይቃል?

ውሃው ምን ይሠራል?

የሰው አካል እፍግታ ከውሃ እፍግታ ጋር ተቀራራቢ ነው። አርኪሜዲስ እንዳስተማረን በውሃ ውስጥ የገባ አካል ቦታውን ከለቀቀው ውሃ ክብደት ጋር እኩል በሆነ ጉልበት ወደ ላይ ይገፋል። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም የሆነች ነፍሰ ጡር ከአካሏ ሁለት ሦስተኛው በውሃ ቢሸፈን፣ የገንዳው ወለል የሚሸከመው 23 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም ወገቧና መገጣጠሚያዎቿ ከጫና ያርፋሉ፤ መንበርከክም ሆነ ጎን መቀየር ይቀላታል።

ሁለተኛው ነገር ግፊት ነው። ወደ ውሃው ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር በጠለቅን ቁጥር ግፊቱ በ1 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይጨምራል። ይህም ባበጡ እግሮች ውስጥ የተጠራቀመውን ፈሳሽ ወደ ደም ሥር እንዲመለስ ይረዳል። ሦስተኛው ሙቀት ነው። ውሃ ከአየር 25 እጥፍ ያህል ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታ ስላለው የተኮማተሩ ጡንቻዎችን በፍጥነት ያፍታታል።

ይሁን እንጂ ይኸው ባሕርይ አደጋም አለው። ጽንሱ ሙቀቱን የሚያስወግደው በእናቱ በኩል ነው። እናቲቱ ከልክ በላይ ከሞቀች ጽንሱ ሙቀቱን የሚጥልበት ስፍራ ያጣል። ስለዚህም የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ የገንዳው ውሃ ከ37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳይበልጥና በየሰዓቱ እንዲለካ ያዛል።

ሕፃኑ ለምን አይሰጥምም?

ሕፃኑ እስኪተነፍስ ድረስ ኦክስጅን የሚያገኘው ከእንግዴ ልጁ በእትብቱ በኩል ነው። ጤናማ አራስ የመጀመሪያውን ትንፋሽ የሚስበው በአብዛኛው ፊቱ አየርና ቅዝቃዜ ሲያገኘው ነው። ነገር ግን በማሕፀን ሳለ ኦክስጅን ያጠረው ሕፃን በውሃው ውስጥ እንዳለ ትንፋሽ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ የጽንሱ የልብ ትርታ በየጊዜው ይደመጣል፤ ሕፃኑም እንደተወለደ ወዲያውኑ ከውሃው ይወጣል፤ አንዴ ከወጣ ፊቱ ወደ ውሃው አይመለስም። ሲያወጡትም እትብቱ ተወጥሮ እንዳይበጠስ ጥንቃቄ ይደረጋል።

ጥናቶች ምን ይላሉ?

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የኮክሬን ግምገማ 3,663 ሴቶች የተሳተፉባቸውን 15 ጥናቶች መርምሯል። ድምዳሜው በምጥ የመጀመሪያ ምዕራፍ ውሃ ውስጥ መግባት በጀርባ የሚሰጠውን የማደንዘዣ መድኃኒት ፍላጎት በመጠኑ እንደሚቀንስና በእናትም በልጅም ላይ ጉዳት እንደሚጨምር ማስረጃ እንዳልተገኘ ይገልጻል። የአሜሪካ የጽንስና ማሕፀን ሐኪሞች ኮሌጅ ግን በ2016 ባወጣው አቋም ምጡን በውሃ ማሳለፍ ለጤናማ እናቶች ሊፈቀድ እንደሚችል ገልጾ፣ ልጁ ከውሃ ውጭ እንዲወለድ መክሯል። በ2024 በእንግሊዝ አገር የታተመ ሰፊ ጥናት በበኩሉ አስጊ ሁኔታ ለሌለባቸው እናቶች በውሃ መውለድ ከውሃ ወጥቶ ከመውለድ ያላነሰ ደህንነት እንዳለው አሳይቷል።

ሁሉም የሚስማሙበት ግን አንድ ነጥብ አለ፤ ውሃው ንጹሕ መሆን አለበት። በ2016 በአሜሪካ አሪዞና ግዛት በውሃ ውስጥ የተወለዱ 2 ሕፃናት በውሃ ውስጥ በሚራባው ሌጂዮኔላ በተባለ ባክቴሪያ ተይዘው ታመዋል። መንታ ያረገዘች፣ የደም ግፊት ያለባት፣ የምትደማ ወይም ያለ ጊዜዋ ምጥ የያዛት እናትም ወደ ገንዳ አትገባም።

የ500 ሊትር ሒሳብ በሐረር

አሁን ወደ ሐረር እንመለስ። አንድ የወሊድ ገንዳ 500 ሊትር ውሃ ይይዛል እንበል። ይህ 25 ጀሪካን ነው። በጀጎል ግንብ ውስጥ ባሉት ጠባብ መተላለፊያዎች 25 ጀሪካን ማጓጓዝ ቀላል ሥራ አይደለም። ከተማይቱ ለአስርት ዓመታት ትጠጣው የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ ውሃ እ.ኤ.አ. በ2005 አካባቢ ሲነጥፍ፣ የሐረር ዓይን ከተራራው ግርጌ ድሬዳዋ አጠገብ ወዳለው የዲሬ ጃራ የከርሰ ምድር ውሃ ዞረ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። እንግዲህ ውሃው ቢያንስ 700 ሜትር ሽቅብ መውጣት አለበት።

ተማሪዎች ሒሳቡን ራሳቸው ይሥሩት። 500 ኪሎ ግራም ውሃ 700 ሜትር ለማንሳት 3.4 ሚሊዮን ጁል ይበቃል። ያንኑ ውሃ ከ20 ወደ 37 ዲግሪ ለማሞቅ ግን 35.6 ሚሊዮን ጁል፣ ማለትም 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። ማሞቁ ከማንሳቱ 10 እጥፍ ኢነርጂ ይበላል! ባለ 3.5 ኪሎ ዋት የኤሌክትሪክ ምጣድ ለ3 ሰዓት ያህል ያለማቋረጥ ቢጣድ ይህንኑ ያህል ኢነርጂ ይፈጃል።

ሆኖም ማሞቁ መላ አለው። አንድ ካሬ ሜትር ስፍራ በቀን 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል የፀሐይ ኢነርጂ ያገኛል ብንልና ማሞቂያው ግማሹን ብቻ ቢይዝ፣ በጣሪያ ላይ የሚዘረጋ 4 ካሬ ሜትር ማሞቂያ ይበቃል። አስቸጋሪው ውሃው ሳይቋረጥና ሳይበከል መድረሱ ነው። መብራት ሲቋረጥ ፓምፑ ይቆማል፤ በጀሪካን የተጠራቀመ ውሃም በቀላሉ ይበከላል።

ከገንዳው በፊት

እ.ኤ.አ. በ1847 ኢግናትዝ ዜመልቫይስ በቪየና ሆስፒታል ሐኪሞች ከማዋለዳቸው በፊት እጃቸውን ክሎሪን ባለው ውሃ እንዲታጠቡ አደረገ። በ1846 በክፍሉ ከወለዱት ከመቶ 11 ያህሉ ሲሞቱ፣ በ1848 ቁጥሩ ከመቶ ወደ 1 ገደማ ወረደ። ይህን ለውጥ ያመጣው ውሃ በሊትር እንጂ በገንዳ የሚለካ አልነበረም።

በአገራችን በተደረጉት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ከ100,000 ሕያው ወሊዶች የሚሞቱት እናቶች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2000 871 የነበረ ሲሆን፣ በ2016 ወደ 412 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶችም በ2000 ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ከመቶ 48 ደርሰዋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ወደ ጤና ተቋሙ የመጣችው እናት እዚያ ንጹሕ ውሃ ማግኘት አለባት። በጀጎል ሆስፒታልም ሆነ በሕይወት ፋና ሆስፒታል ወይም በአንዲት ጤና ጣቢያ፣ የመጀመሪያው ጀሪካን የሚገባው ለአዋላጇ እጅ፣ ለመሣሪያውና ለአልጋው ነው።

ይህ ማለት የሙቀት ጥቅም ለሐረር እናት አይደርስም ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ ሕመሟ እንዲቀል ለምትጠይቅ ጤናማ እናት መታሸትንና በሞቀ ነገር ወገብን መያዝን መክሯል፤ እንደልቧ እንድትንቀሳቀስና ቆማ ወይም ተቀምጣ እንድታምጥ መበረታታት እንዳለባትም ገልጿል። ለዚህ 1 ወይም 2 ሊትር የሞቀ ውሃና ንጹሕ ፎጣ ይበቃሉ። በሐረር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ተሕዋስያንን ለመግደል በቂ ነው፤ ቆዳ እንዳያቃጥል ግን መቀዝቀዝ አለበት።

በገንዳ ለመውለድ የምታስብ እናትም ከሁሉ አስቀድማ አዋላጇን ሦስት ነገር ትጠይቅ፦ ውሃው ከየት ይመጣል? ሙቀቱን ማን ይለካል? ችግር ቢፈጠር በምን ያህል ደቂቃ ከገንዳው ወጥቼ ሐኪም አገኛለሁ? ለሦስቱም አጥጋቢ መልስ ባልተገኘበት ስፍራ ገንዳው ይቆይ፤ የሞቀው ፎጣና የታጠበው እጅ ግን ዛሬውኑ ይቅደሙ።