የሕፃኑ ስሕተት እንደ ማስረጃ፦ በግዕዝ ፊደል በሚጻፉ ቋንቋዎች የጀማሪ አንባቢያን ምዘና

አንድ የ1ኛ ክፍል ተማሪ «ቡ»ን «ቢ» ብሎ፣ ሌላው ደግሞ ያንኑ «ቡ»ን «ሱ» ብሎ ቢያነብ፣ በተለመደው የምዘና ቅጽ ላይ ሁለቱም የሚያገኙት አንድ ጭረት ነው። ችግራቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ተነባቢውን ለይቷል፤ የሳተው የካዕብንና የሣልስን ምልክት ነው። ሁለተኛው የካዕብን ምልክት በትክክል አንብቧል፤ ያደናገረው የፊደሉ ገላ ነው። በማግስቱ መምህሩ ለሁለቱ ልጆች የሚሰጠው ልምምድ አንድ ሊሆን አይገባም፤ ከጭረቱ ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ከዚህ ይነሣል፦ በፊደል ለሚጻፉ ቋንቋዎች ማስተማርን ሊመራ የሚችለው ምዘና የትክክሎችን ብዛት የሚቆጥር ሳይሆን፣ ልጁ በስሕተት የሰጠውን መልስ እንዳለ የሚመዘግብ ነው።

በአገራችን በስፋት የሚታወቀው መሣሪያ በምሕጻሩ ኢግራ የሚባለው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ነው። ሥራው በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኤስኤአይዲ ድጋፍ በአርቲአይ ኢንተርናሽናል ተጀምሮ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎችም የማስተማሪያ ቋንቋዎች ተካሂዷል። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አለመቻላቸው የታወቀው በዚህ ምዘና ነው። ውጤቱ የትምህርት ባለሥልጣናትን ያስደነገጠና ለሥርዓተ ትምህርትና ለመጻሕፍት ለውጥ ምክንያት የሆነ በመሆኑ፣ መሣሪያው ለተሠራለት ዓላማ አገልግሏል ማለት ይቻላል። ዓላማው ግን የአንድን አገር ወይም ክልል ይዞታ ማሳየት እንጂ በአንድ ክፍል ውስጥ ማን ምን እንደጎደለው መንገር አይደለም። ልጁ በ1 ደቂቃ ከ100 ፊደላት ስንቱን እንዳነበበ ይቈጠራል፤ የመጀመሪያውን መሥመር ሙሉ በሙሉ ከሳተ ፈተናው ይቋረጥና ዜሮ ይጻፋል። ዜሮ ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ብዙ ይናገራል፤ ለመምህር ግን ምንም አይነግረውም።

ምዘናን ከማስተማር ጋር ማያያዝ ለፊደል ባህል እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሕፃኑ ሀሁን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በቃሉ ከወጣ በኋላ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል። በአቡጊዳ ገበታ ረድፉ በተነባቢም በእርባታም ስለሚዘዋወር (አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያለ) በዜማ የተያዘው ቅደም ተከተል አይረዳም፤ ልጁ ማየት ግድ ይሆንበታል። የኔታ በስንጥር እያመለከቱ ሲጠይቁም ወዲያው የሚለየው ነገር ይኸው ነው፤ ማን ያነባል፣ ማን ይዘምራል። ፒተር ዳንኤልስ በ1990 እ.ኤ.አ. ተነባቢን መሠረት አድርገው አናባቢን በቅጥያ ምልክት ለሚያሳዩ የጽሕፈት ሥርዓቶች ሁሉ መጠሪያ ያደረገው ይህንኑ «አቡጊዳ» የሚለውን ስም ነው። የሥነ ጽሕፈት ሊቃውንት ስሙን ወስደውታል፤ ስሙን የወለደው የማስተማሪያና የመፈተኛ ብልሃት ግን ተገቢውን ትኩረት ያገኘ አይመስልም።

ሁለት መጋጠሚያ ያለው ስሕተት

33ቱ ፊደላት በ7 እርባታ ሲባዙ 231 ምልክቶች ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ቍጥሩ ይበልጣል። አንድ ልጅ ግን 231 የተናጠል ሥዕሎችን አያጠናም፤ የገላውን ቅርጽና የእርባታውን ምልክት ለየብቻ እየያዘ ያጋጥማቸዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ስሕተት በረድፍ (በተነባቢ) ወይም በዓምድ (በእርባታ) የተከሰተ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም በሁለቱም።

ዓምዶቹ በክብደት እኩል አይደሉም። ኀምስ ቀለበቱ ከእግር ሥር ስለሚውል (ሌ፣ ቤ፣ ቴ) ለማወቅ ይቀልላል። ካዕብና ሣልስም በጥቂት አፈንጋጮች (ሩ፣ ፉ፣ ሪ፣ ፊ) ካልሆነ በቀር ሥርዓት አላቸው። ራብዕና ሳብዕ ግን እርስ በርስ የመስተዋት ምስል የሚሆኑበት ቦታ አለ፦ «ባ» የግራ እግሩ አጭር፣ «ቦ» የቀኝ እግሩ አጭር ነው፤ «ሳ»ና «ሶ»፣ «ካ»ና «ኮ»ም እንዲሁ። ግራና ቀኙን ገና በቅጡ ለማይለይ የ6 ወይም የ7 ዓመት ልጅ ይህ ቀላል ፈተና አይደለም። በዚያው በሳብዕ ውስጥ «ሎ»ና «ቶ» በእግር ማጠር ሳይሆን በቀለበት ይታወቃሉ። ሳድስ ደግሞ ወጥ ምልክት የለውም ማለት ይቻላል፤ «ል»፣ «ስ»፣ «ን»፣ «ት»፣ «ር» እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ይታጠፋሉ ወይም ይቀጠላሉ። በተራ የአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉም በዝቶ የሚገኘውም ይኸው ሳድስ ነው። በእርባታ ተራ ስድስተኛ ስለሆነ ብቻ ዘግይቶ የሚለማመደው ልጅ ምንባብ ላይ ሲደርስ የሚገጥመው ይህ ነው።

በረድፍ በኩል ልዩ ትኩረት የሚሹት በላይኛው ጭረት ብቻ የሚለያዩት ናቸው፦ ሰና ሸ፣ ተና ቸ፣ ነና ኘ፣ ዘና ዠ፣ ደና ጀ። እዚህ የቅርጹ መቀራረብ ከቋንቋው መዋቅር ጋር ይገናኛል፤ «ከፈተ» «ከፋች»ን፣ «ወሰደ» «ወሳጅ»ን፣ «ለመነ» «ለማኝ»ን ይሰጣልና። ከእነዚህ ጥንዶች አንዱን ለሌላው የሚያነብ ልጅ ጭረቱን አላየው ይሆናል፣ ወይም ከሚያውቀው ቃል ተነሥቶ ገምቶ ይሆናል። በነጠላ ፊደልና በፍቺ አልባ ቃል ላይም ያው ስሕተት ከተደገመ ነገሩ የዓይን ነው፤ በምንባብ ላይ ብቻ ከታየ ግምት ነው።

ፊደሉ የማይነግረው

ፊደላቱን ሁሉ የለየ ልጅ ገና አንባቢ አይደለም። «ትምህርት» የሚለው ቃል አምስቱም ፊደላቱ ሳድስ ናቸው፤ አናባቢ የሚሰማው ግን በመጀመሪያው «ት»ና በ«ህ» ላይ ነው። እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ እየጠራ የሚሄድ ልጅ በፊደል ደረጃ አልተሳሳተም፤ ቃሉን ግን አላገኘውም። ይህ ልጅ ፊደል ለሚሳሳት ልጅ የሚሰጠው ልምምድ አይጠቅመውም። የሚያስፈልገው በአፉ የሚያውቃቸውን ቃላት ከጽሑፉ ጋር ማጋጠም ነው።

መጥበቅና መላላትም በመደበኛው ጽሕፈት አይታይም። ዩኒኮድ የማጥበቂያ ነጥብ ቢኖረውም ልጆች በሚያነቡት መጽሐፍ ላይ አልፎ አልፎ ካልሆነ አይገኝም። ይህ ጕድለት ለመዛኙ ግን መልካም አጋጣሚ ነው። «በማድጋው ውስጥ ውሃ አለ» እና «ማሞ እመጣለሁ አለ» የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች የሚያነብ ልጅ የመጀመሪያውን «አለ» አጥብቆ፣ ሁለተኛውን አላልቶ ካነበበ የሚያነበውን ተረድቷል፤ ሌላ የመረዳት ጥያቄ አያስፈልገውም። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ካነበበ ግን ድምፁ ቢፈጥንም ምንባቡ ገና ከትርጉም አልደረሰም። «ሰፊ» (ልብስ ሰፊ፣ ሰፊ ሜዳ) እና «ዋና» ለዚህ ያገለግላሉ። ጥንዶቹ ተለያይተው መቅረብ አለባቸው፤ ለየብቻ የተጠየቀ ቃል በዕድል ሊታለፍ ይችላል።

በድምፅ ግንዛቤ ፈተና ላይ ደግሞ መጠንቀቅ ያሻል። «ቤት» ስንት ክፍል አለው ተብሎ የተጠየቀ ልጅ አንድ ቢል እንደ ንግግሩ ቀለም ትክክል ነው፤ ሁለት ቢል እንደ ፊደሉ፣ ሦስት ቢል እንደ ንጥል ድምፁ። ከእንግሊዝኛ የተቀዳው የመልስ ቍልፍ ሦስትን ብቻ ይቀበላል። ሶናሊ ናግ በ2007 እ.ኤ.አ. በደቡብ ሕንድ በሚነገረው የካነዳ ቋንቋ ላይ ያቀረበችው ጥናት እንዳሳየው፣ የምልክቶቹ ብዛት ትልቅ በሆነበት እንዲህ ባለ ሥርዓት ፊደል መልመድ ከመጀመሪያው ዓመት አልፎ ይረዝማል፤ የንጥል ድምፅ ግንዛቤም ቀስ ብሎ ይመጣል። «ቤ–ት» ብሎ የሚከፍል የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ እንደ ደካማ መታየት የለበትም፤ የተማረውን ጽሕፈት ነው የመለሰው።

ቅጹ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው የአንዱ ቋንቋ የእርማት ደንብ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ነው። በአማርኛ «ሐ»ን እንደ «ሀ»፣ «ዐ»ን እንደ «አ» ያነበበ ልጅ ትክክል ነው። በትግርኛ ግን የጕሮሮ ድምፆቹ በንግግር ስለሚለዩ ይኸው መልስ ስሕተት ነው። «አ»ና «ኣ»ም በአማርኛ አንድ ድምፅ ሲሆኑ በትግርኛ ሁለት ናቸው። በአማርኛም ውስጥ ቢሆን «ጸጉር»ን «ጠጉር»፣ «ዥብ»ን «ጅብ» ብሎ ያነበበ ልጅ አካባቢው እንደሚናገረው አነበበ እንጂ ፊደል አልሳተም። በቃል ጽሕፈት ላይ «ኃይል»ን «ሀይል» ብሎ የጻፈውም ድምፁን በሚገባ ወክሏል፤ በእነዚህ ክፍሎች ነጥብ ሊቀነስበት አይገባም።

በደቂቃ የሚነበቡ ቃላትን ከቋንቋ ቋንቋ ማነጻጸርም ብዙ አያስኬድም። «አልመጣችሁም» በአማርኛ አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ አራት ይሆናል። በአፋን ኦሮሞ አፍራሹ «ሂን» ተነጥሎ ይጻፋል፤ በቁቤ ደግሞ መጥበቅም የአናባቢ ርዝመትም በሆሄ ድግግሞሽ ስለሚታይ፣ በአማርኛ በንባብ ብቻ የሚሰማው ስሕተት እዚያ በጽሕፈት ይገለጣል። ፍጥነትን መለካት ቢያስፈልግ እንኳ ንጽጽሩ የልጁ የጥቅምት ውጤት ከራሱ የየካቲት ውጤት ጋር ቢሆን ይመረጣል።

ለክፍል መምህር የሚሆነው ቅጽ ከዚህ ሁሉ ሲቀነስ ትንሽ ነው። አራት ተነባቢዎች ይመረጣሉ፦ ባለ ሁለት እግሩ «በ»፣ ባለ አንድ እግሩ «ተ»፣ አፈንጋጩ «ረ»፣ ባለ ላይኛ ጭረቱ «ሸ»። በሰባቱም እርባታ 28 ምልክቶች እንደ አቡጊዳ ተዘበራርቀው በአንድ ካርድ ላይ ይጻፋሉ። ልጁ ያለ ሰዓት ገደብ ያነባል፤ መምህሩ የሰማውን ፊደል ራሱን በሠንጠረዡ ውስጥ ይጽፋል። ስሕተቶቹ በአንድ ዓምድ ከተሰበሰቡ የሚሠራው በእርባታው ላይ ነው፤ በአንድ ረድፍ ከተሰበሰቡ በገላው ላይ። ራብዕና ሳብዕ ቦታ ተለዋውጠው ከተገኙ «ባ–ቦ»፣ «ሳ–ሶ» ጎን ለጎን ለጥቂት ቀናት ይሠራሉ። ተማሪ በሚበዛበት ክፍል በቀን አምስት አምስት ልጅ ማየት ይቻላል፤ ሁሉንም በአንድ ቀን መጨረስ አያስፈልግም።

ለአማርኛ ይህን ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ከባድ አይደለም፤ የፊደሉና የድምፁ ግንኙነት ተደጋግሞ ተጠንቷል። በአማራ ክልል በፊደል ተጽፈው ለማስተማሪያነት በዋሉት በአዊኛና በኽምጣንጋ ግን የትኛው ንባብ ስሕተት፣ የትኛው ደግሞ የአካባቢ አነጋገር እንደሆነ በመጀመሪያ መወሰን ይኖርበታል። ይህም የመምህሩ ሳይሆን የቋንቋ ባለሙያው ሥራ ነው።