አዲስ ጀልባ ወይስ ያገለገለ? መጀመሪያ ታንኳን ተዋወቁ

ለዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ልግዛ የሚል ሰው ሁሉ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ አዲስ ወይስ ያገለገለ? ጥያቄው የሚነሣው ውሃ ዳር ብቻ አይደለም። እኔ በምኖርበት በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ተራራ ሥር፣ ሐይቅ የሚባል ነገር በሌለበት ሰፈር፣ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ላለ ዘመዱ ገንዘብ ልኮ ጀልባ ለማስገዛት የሚያስብ ሰው አለ። ከጣና ዳር፣ የዘጌ ሰው መሆኔን የሚያውቁ ጎረቤቶቼ እኔን ያማክሩኛል። እኔም ለሁሉም መልሼ የምጠይቀው ታንኳን ያውቁ እንደሆነ ነው።

ታንኳ ከደንገል ታስሮ የሚሠራ፣ በዘንግና በመቅዘፊያ የሚነዳ የጣና ጀልባ ነው። ይህን ያህል ማንም ያውቃል። ባሕር ዳር የሄደ ሁሉ ፎቶ አንሥቶታል፤ ፎቶውን አንሥቶ ግን ፊቱን ወደ ሞተር ጀልባው ያዞራል። ጀልባ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከታንኳ የሚማረው ነገር ያለ አይመስለውም። ለእኔ ደግሞ ስለ አዲስና ስለ አሮጌ ጀልባ ከታንኳ የተሻለ አስተማሪ የለም። ምክንያቱም ታንኳ ዕድሜውን አይደብቅም። ሁለት ሰው ሆኖ ከውሃ አውጥቶ ማንሣት ብቻ ይበቃል። ከቀለለ ገና ብዙ ይሠራል፤ ከከበደ ውሃ ጠጥቷልና ፀሐይ ይፈልጋል፤ ደርቆም ካልቀለለ ዘመኑን ጨርሷል። በዚህ ዓይነት ሚዛን ላይ ደላላ ምንም ሊጨምር አይችልም።

ከሁሉ በላይ የሚያበሳጨኝ «ደንገል ውሃ ሲጠግብ ይሰጥማል፤ ታንኳ የአንድ ሰሞን ዕቃ ነው» የሚለው አባባል ነው። ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ደንገልን ቆርጠው አይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። የደንገል አገዳ ሦስት ማዕዘን ነው። ከውጭ ውሃ እንደ ልብ የማያሳልፍ አረንጓዴ ቆዳ አለው፤ ውስጡ አየር የሞላበት ነጭና ልል ነው። ታንኳን የሚያንሳፍፈው ይህ አየር ነው። ውሃው በቆዳው በኩል ቶሎ አይገባም፤ የሚገባው በተቆረጠው ጫፍና ቆዳው በተላጠበት በኩል ነው። ስለዚህ ብልሃቱ ያለው አስተሳሰሩ ላይ ነው። ባለሙያ ደንገሉን ከቆረጠ በኋላ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ከዚያ ነዶ ነዶ አድርጎ ያጠብቀዋል፤ ጫፎቹን ሰብስቦ ወደ ላይ ያነሣቸዋል። አፍንጫው ሽቅብ የቀናው ለውበት ብቻ አይደለም፤ የተቆረጠው ጫፍ ከውሃው እንዲርቅም ነው። ውስጡ ደግሞ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይገባበታል። አጥማጁና መረቡ የሚያርፉት እሱ ላይ ስለሆነ ታችኛው ቢረጥብ እንኳ ላይኛው ደረቅ ይሆናል።

ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ ነበር ብሎ ሲነሣ፣ አዋቂዎች ደንገሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ውሃ ጠጥቶ ያልቃል ብለውት ነበር። እሱ ግን የደንገል ጀልባ በሕይወት ያለበትን አገር ፍለጋ ጣና ድረስ መጣ። ለሥራውም የተጠቀመው ከጣና የተቆረጠ ደንገል ነው። ደንገሉ ግብፅ ድረስ ተጓጉዞ፣ ጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ፣ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ባለሙያዎች እጅ «ራ» የተባለችው ጀልባ ተሠራች። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1969 ከሞሮኮ የሳፊ ወደብ ተነሥታ አትላንቲክን ወደ ምዕራብ ተያያዘችው። ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያላነሰ ከተጓዘች በኋላ ማዶውን ሳታይ ተበላሸችና ባሕርተኞቹ ተዋት።

ታሪኩን እዚህ ላይ የሚያቆሙ ሰዎች «ያው፣ ደንገል ነው!» ይላሉ። ጥፋቱ ግን የደንገሉ አልነበረም። በጥንታዊ የግብፅ ሥዕሎች ላይ ወደ ውስጥ ከታጠፈው የጀልባው ጭራ ጫፍ ወደ ወለሉ የሚወርድ ገመድ ይታያል። ይህ ገመድ «ራ» ላይ ቀርቶ ነበር። ሥራው የኋላውን ክፍል ከፍ አድርጎ እንደ ስፕሪንግ መያዝ ኖሯል። እሱ ሲጎድል የጀልባዋ ኋላ ቀስ በቀስ ወደ ውሃው ዘቀጠ፤ ማዕበሉም ነዶውን በታተነው። በሚቀጥለው ዓመት በቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ ባለሙያዎች የተሠራችው «ራ ሁለት» ከዚያው ከሳፊ ተነሥታ በ57 ቀን፣ ሐምሌ 12 ቀን 1970 እ.ኤ.አ.፣ ባርባዶስ ገባች። ውቅያኖስ የተሻገረው የእኛው ደንገል ነው። ይህን ያደረገ ተክል ከዘጌ ባሕር ዳር ማገዶ ሲያመላልስ ዋጋ ቢስ መባሉ ያሳዝነኛል። የበለጠ የሚያሳዝነኝ ግን የዚህ ሙያ ባለቤቶች የሆኑትን የነገደ ወይጦ ሰዎች፣ ታንኳቸውን የምንሳፈር፣ ዓሣቸውንም የምንበላ ሰዎች ለዘመናት ስናርቃቸው መኖራችን ነው።

ታንኳ ድክመት የለውም እያልሁ አይደለም። ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ከሥራ ሲመለስ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ውሃ ላይ ታስሮ የሚያድር ታንኳ ቶሎ ይበሰብሳል። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ሲነሣ መሐል ሐይቅ ላይ መገኘት የለበትም። ጉማሬ ካለበትም መራቅ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው አጥማጅ ሁለት ታንኳ ይዞ ሲያፈራርቃቸው ብታዩ አትገረሙ፤ አንዱ ይደርቃል፣ አንዱ ይሠራል። አዲስና ያገለገለ የሚባለው ነገር እሱ ዘንድ ምርጫ አይደለም፤ ሁለቱም አብረው አሉት።

አሁን ወደ ሌሎቹ ጀልባዎች ልምጣ። የታንኳው ትምህርት እዚህ ላይ ይጠቅማል። ያገለገለ ጀልባ ሲገዛ መጠየቅ ያለበት ስንት ዓመት ሠራ ሳይሆን ውሃው የት ገባ ነው።

የእንጨት ጀልባ የታንኳ ተቃራኒ ነው። ታንኳ መድረቅ ይወዳል፤ የእንጨት ጀልባ ደግሞ ሲደርቅ ሳንቃው ይኮማተራል፣ ክፍተቱም ይሰፋል። ብዙ ጊዜ ዳር የተኛ የእንጨት ጀልባ ውሃ ላይ ሲወርድ ቢያፈስ ወዲያው «አሮጌ ነው» ተብሎ አይጣልም። አስሮ ጥቂት ቀን ውሃ ውስጥ ማቆየት ነው፤ እንጨቱ ሲያብጥ ክፍተቱ ይገጥማል። ከዚያ በኋላም የሚያፈስ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የቢላዋ ጫፍ ይዛችሁ ታችኛውን ሳንቃና ማዕዘኖቹን ጫን በሉት፤ ቢላዋው ያለ ትግል ከገባ በስብሷል። ከባሕር ዛፍ ተሠራ የሚሏችሁን ደግሞ ደጋግማችሁ እዩት። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ እንደሚጣመምና እንደሚሰነጠቅ የእንጦጦ ሥር ሰው ከቤቱ ማገር ያውቀዋል።

የላሜራ ጀልባ ውስጥ ለውስጥ ነው የሚዝገው። ወለሉ ተነሥቶ ውሃ የሚቋጥርበት የታችኛው ክፍል ካልታየ ዋጋ አትነጋገሩ። በቅርቡ ቀለም የተቀባ አሮጌ ላሜራ ካያችሁ ደስ አይበላችሁ፤ በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱት። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ በዝገት የሳሳ ድምፁ ይታፈናል።

ፋይበር ግላስ አይበሰብስም ይባላል፤ እውነት ነው፣ እሱ ራሱ አይበሰብስም። ሞተሩ የሚንጠለጠልበት የኋላ ክፍል ግን በብዙ ጀልባዎች ላይ በፋይበሩ መካከል እንጨት አለበት። ሞተሩ የታሰረበት ብሎን በሚገባበት ቀዳዳ ውሃ ሰርጎ ያ እንጨት ከበሰበሰ ከውጭ ምንም አይታይም። ሞተሩን በእጅ ወደ ታች ጫን ለቀቅ አድርጉት፤ የኋላው ክፍል አብሮ ከተወዛወዘ ትታችሁት ሂዱ። ይህን ሳያዩ በፎቶ ብቻ የሚገዙ ሰዎች አሉ። በቴሌግራም የመጣን ሥዕል አይቶ ለጀልባ ገንዘብ መላክ ለዘመድ መልካም ማድረግ አይደለም፤ ጀልባ የሰው ሕይወት የሚጫንበት ዕቃ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ጎረቤቴ መጥተው «ጋሼ፣ የወንድሜ ልጅ ባሕር ዳር ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር ያለው ጀልባ ተገኝቷል፤ ይብቃው ይሆን?» አሉኝ።

«እትዬ፣ የት አገር ነው 15 የሆነው?» አልኋቸው።

ጥያቄዬ ግር አላቸው። ሞተር ላይ የሚጻፈው ጉልበት በባሕር ወለል ላይ የተለካ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩም በየ300 ሜትሩ በግምት 3 በመቶ ጉልበቱን ያጣል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለተኛ 15 የተባለው ሞተር እዚያ የሚሠራው እንደ 12 ነው። ሐዋሳም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ሽቅብ የሚወጣ አሮጌ ሚኒባስ ሲያቃስት የሰማ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። በዚህ ላይ ያገለገለ ሞተር የራሱን ድካም ይጨምራል። ስለዚህ ሞተሩ ሲሠራ በጎኑ የሚወጣው የማቀዝቀዣ ውሃ ሳይቆራረጥ መፍሰሱን፣ የታችኛው የማርሽ ዘይት ወተት አለመምሰሉን ማየት ግድ ነው። ዘይቱ ከነጣ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። አሁንም ያው ጥያቄ ነው፤ ውሃው የት ገባ? እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ጣናን የወረረው የእምቦጭ አረም ባለበት ዳርቻ ደግሞ ሞተሩ የሚዘውረው ፕሮፔለር በሥር እየተጠላለፈ ይቆማል፤ አጥማጁ መልሶ መቅዘፊያውን ያነሣል። ለዚህም ነው ለእትዬ «ልጁ መቅዘፍ ይችላል?» ያልኋቸው። አይችልም ነበር።

ስለ ዋጋ ብዙ አልልም፤ በየወሩ ይለዋወጣል። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ጣና ላይ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በሰፊው የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 በተጀመረ ፕሮጀክት ነው። የግብርና ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከሆላንድ ድርጅቶች ጋር ሆነው ያመጡት በጎ ሥራ ነበር፤ ታንኳ የማይደርስበት ርቀት ተደረሰ፣ ገበያውም ሰፋ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ውስጥ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚወጡት፣ አብዛኞቹ በጣና ብቻ የሚገኙት የቢልጫ ዓሣ ዝርያዎች ክፉኛ ቀነሱ። ዓሣው ዕንቁላሉን ሊጥል በወንዝ አፍ ሲሰበሰብ መረብ ይጠብቀዋል። በብድር አዲስ ጀልባ የገዛ ሰው ወርሃዊ ክፍያ አለበት፤ ክፍያው ደግሞ የመራቢያ ወቅት አያውቅም። ውድ ጀልባ ባለቤቱን ወደ ወንዝ አፍ የሚገፋው እንዲህ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል፤ ውሃው ላይ ያለው ሰው ግን ከአዋጁ ይልቅ ዕዳውን ይሰማል።

ደንገሉም ራሱ እየተመናመነ ነው። ሐይቁ ሸሸት ባለ ቁጥር ዳርቻው ይታረሳል፣ ይጋጣል። ደንገል ሲጠፋ የሚጠፋው ታንኳ ብቻ ሳይሆን ቆሮሶ የተባለው ዓሣ የሚራባበት ጥግም ነው።

እንግዲህ ለሚጠይቁኝ የምሰጠው ምክር ይህ ነው። ለጀማሪ አዲስ ታንኳ ከባለሙያው እጅ ግዙ፤ ከተቻለ ሁለት። መቅዘፍን፣ ነፋሱን፣ ዓሣው የሚውልበትን በእሱ ይማር። ከዚያ በኋላ የሞተር ጀልባ ካስፈለገው ሞተሩ አዲስ፣ አካሉ ያገለገለ ይሁን፤ አካልን በቢላዋና በመዶሻ መፈተን ይቻላል፣ ያለፈ የሞተር ታሪክ ግን የሚታወቀው በሻጩ አፍ ብቻ ነው። ግዢው በበጋ፣ ጀልባው ከውሃ ወጥቶ ሆዱ ሲታይ ይፈጸም። ጀልባውንም ስትሰጡት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መረቡን ከወንዝ አፍ እንዲያርቅ ቃል አስገቡት።