የፋርጣዋ በግ ሆዷ ሳይከፈት

ጋፋት ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ይሄዳል። በጋፋትና በደብረ ታቦር ዙሪያ ያለው የፋርጣ ገበሬ ግን በአገሩ ስም የሚጠራ ባለ አጭር ላት በግም አለው።

ይህን በግ የሚያረባ ሰው በየበዓሉ ዋዜማ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ይህቺ እናት በግ አርግዛለች ወይስ ባዶ ናት? ባዶ መስላው የሸጣት በግ ስትታረድ ማህፀኗ ውስጥ ግልገል ይገኛል። አርግዛለች ብሎ ፋጉሎ ሲመግባት የከረመችው ደግሞ ሳትወልድ ትቀራለች። ሁለቱም ኪሳራ ነው፤ የመጀመሪያው ግን ይከፋል፤ እናትየዋ ከነዘሯ ከመንጋው ትጠፋለችና።

ገበሬው የራሱ ምልክቶች አሉት። በየ17 ቀኑ ገደማ የሚመጣው ድራት ከቀረ ይጠረጥራል፤ ሆዷን ይዳብሳል፤ ጡቷ ማጋት አለማጋቱን ያያል። ጡት የሚያጋተው ግን 5 ወር የሚጠጋው እርግዝና ሊያበቃ ሲል ነው።

አልትራሳውንድ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ዘዴውን ለእርግዝና ምርመራ ያስተዋወቁት የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ሥራቸው በ1958 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ዛሬ መሣሪያው በባትሪ እየሠራ በረት ድረስ ይገባል። ጨረር የለውም፤ የሚልከው የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ነው፤ ነጥሮ የሚመለሰውን ደግሞ ምስል ያደርገዋል።

በጓ እንደቆመች ትያዛለች። ባለሙያው ከጡቷ አጠገብ፣ ፀጉር በሌለው ብሽሽቷ ላይ ጄል ይቀባና የመሣሪያውን ጫፍ ወደ ማህፀኗ ያዞራል። ፈሳሽ ጥቁር፣ አጥንት ነጭ ሆኖ ይታያል። ጀማሪ ባለሙያ የሞላ የሽንት ፊኛ አይቶ አርግዛለች ሊል ይችላል፤ ልምድ ያለው ግን በጥቁሩ ዳር ቀለበት የሚመስሉትን፣ እንግዴ ልጁ ከማህፀን የሚያያዝባቸውን እብጠቶች ይፈልጋል። የሚመታ ልብ ከታየ ግልገሉ በሕይወት አለ።

መንታ ለመቁጠር የሚመቸው ከ45ኛው እስከ 90ኛው ቀን ነው፤ ከ100 ቀን በኋላ ግልገሉ ስለሚገዝፍ ስክሪኑ አይበቃውም። መንታ የያዘችው በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት መኖ ካልተጨመረላት ራሷም ልትወድቅ ትችላለች፤ ስለዚህ ቀድሞ ማወቁ ነፍስ ያድናል።

ሳይከፍቱ ውስጥን የማወቅ ችግር የበግ ብቻ አይደለም። በባሕር ጠረፍ የሚረባውን ኦይስተር የተባለ ባለ ቅርፊት እንስሳ የመራቢያ አካል ለማየት ቅርፊቱን መክፈት፣ ማለትም መግደል ይጠይቅ ነበር፤ ተመራማሪዎች አሁን በኤምአርአይ ቅርፊቱ እንደተዘጋ ያዩታል።

ወደ በጋችን ስንመለስ፣ በአገራችን ኢካርዳ የተባለው ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ድርጅትና አጋሮቹ ከምርምር ማዕከላት ጋር በ2009 እ.ኤ.አ. በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ጀምረው ነበር። አርቢዎቹ ምርጥ አውራውን በጋራ ይመርጣሉ፤ ኋላ ላይ ድራትን በሆርሞን ማቀናጀትና በአልትራሳውንድ መመርመር ታከሉበት። የፋርጣ በግም ይህ ሁሉ ይገባዋል።

መሣሪያው ግን ቀን ይፈልጋል። አውራው ከመንጋው የተቀላቀለበትና የተለየበት ቀን ካልተጻፈ፣ ዛሬ ባዶ የተባለችው በግ ገና የ20 ቀን ፅንስ ይዛ ሊሆን ይችላል። በወል ግጦሽ ላይ ደግሞ የአንዱ አውራ የሌላውን መንጋ ስለሚያጠቃ፣ አውራ ነጥሎ ማቆየት የሚቻለው ጎረቤታሞች አስቀድመው ሲስማሙ ነው።