የገበሬው የኅብረት ሥራ ማኅበር ስለ ምን ይደክማል?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ምሳሌ በአገራችን የማያውቅ የለም፡፡ የደብረ ታቦርም ሆነ የአዲስ ዘመን ገበሬ በደቦ ያርማል፤ በወንፈል ያጭዳል፤ በዕቁብ ገንዘብ ያጠራቅማል፤ በዕድር ሐዘንተኛውን ያጽናናል፡፡ እንግዲህ አብሮ መሥራትን የለመደ ሕዝብ በሕግ በተቋቋመ የኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚደክመው ስለ ምን ነው?

ከጣራ ገዳም ተራራ ላይ ቁልቁል ስንመለከት የፎገራ ሜዳ ይታየናል፡፡ ለዚህ ጥያቄ ትልቅ ትምህርት ያለው በዚያ ነው፡፡ በ1970ዎቹ ዓመታት የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች አምራች ማኅበራት ሩዝ አስጀመሩ፡፡ በእነዚያ ዓመታት የነበሩት አምራች ማኅበራት መሬትን በአንድነት የሚያርሱ ነበሩ፡፡ ነገር ግን ብዙው ገበሬ የገባው ወዶ ሳይሆን ታዝዞ ስለ ነበር፤ በ1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጅ ማኅበራቱ በየአገሩ በአጭር ጊዜ ፈረሱ፡፡ ሩዙ ግን ቀረ! ገበሬው ጥቅሙን በዓይኑ አይቶ በየማሳው ዘራው፤ አንደኛው ዘርም እስከ ዛሬ «ኤክስ ጅግና» ይባላል፡፡ ስለዚህ ገበሬ አዲስ ነገር አይወድም የሚለው አነጋገር ሐሰት ነው፡፡ የማይወደው ግዴታን ነው፡፡

በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 ይህን አርሞ አባልነት በፈቃድ እንዲሆን፤ ባለ ብዙ አክሲዮኑም ባለ አንዱም እኩል አንድ ድምፅ እንዲኖራቸው ደነገገ፡፡ ሆኖም ሌሎች ችግሮች አሉ፡፡

አንደኛው የገንዘብ እጥረት ነው፡፡ አባቴ የማኅበር አባል ነው፡፡ አንድ ዓመት ሩዙን እንደ ወቃ ለማዳበሪያ ዕዳና ለእኔ ለደብተር ገንዘብ አስፈለገው፡፡ ማኅበሩ «የመግዣው ብድር አልደረሰም» አለው፡፡ ነጋዴው ግን ገንዘቡን በእጁ ይዞ ከደጃፋችን ቆሞ ነበር፤ አባቴም በርካሽ ሸጠለት፡፡ ክረምት ሲገባ ዋጋው ሲወደድ በጎተራችን የቀረ አልነበረም፡፡ አባል ለነጋዴ ሲሸጥ ማኅበሩ እህል ያጣል፤ እህል ያጣ ማኅበር አያተርፍም፤ ካላተረፈም የሚያከፋፍለው የለውም፤ ያልደረሰውም አባል በሚመጣው ዓመት እንደገና ለነጋዴው ይሸጣል፡፡ ችግሩ እንዲህ እየዞረ ራሱን ይወልዳል፡፡

ሁለተኛው የሒሳብ ጉድለት ነው፡፡ መዝገቡ በወቅቱ ካልተመረመረ ሐቀኛውም ሹም ይታማል፤ እምነትም ይጠፋል፡፡

ሦስተኛው የአባላት ቸልተኝነት ነው፡፡ ለዕድር ያልቀረ ሰው ለማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ይቀራል፤ ማኅበሩን የራሱ ሳይሆን የመንግሥት አድርጎ ይቆጥረዋልና፡፡

ውድ ወላጆቻችን ሆይ፤ በጉባኤ ተገኝታችሁ ሒሳቡን ጠይቁ፡፡ እኛም ተማሪዎች በክፍል የተማርነውን የሒሳብ ትምህርት ወደ መንደራችን ወስደን መዝገቡን ለማያነቡ አባቶችና እናቶች እናንብብላቸው፡፡ ገንዘቡ የላባቸው ዋጋ ነውና፡፡